ሁለት የግሪክ ጠቢባን ይዤ ቀወት ወረድኩ

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ጋቢዬን ከደረብኩ ሳምንት ሞላኝ። ያገኘኝ ሁሉ «ቆላው እንዴት ነው? ሙቀቱስ?» ይለኛል። ሙቀቱ ሙቀት ነው፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ያየሁት ነገር ግን አላስቀምጥ ስላለኝ፣ የቀወት ወረዳዋን ሸዋ ሮቢትን በመኪና መስኮት ብቻ ለሚያውቁት፣ ጭራሽ ለማያውቁትም፣ ከመነሻው ልጽፈው ተቀመጥኩ። መቀመጥ ደግሞ ከድሮም አይሆንልኝም። እናቴ «አንቺን የወለድኩሽ መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም» ትለኝ ነበር።

የመሄዴ ምክንያት ሰዓዳ ናት። ኮሌጅ ፍልስፍና ሳስተምር ከፊት ወንበር የማትጠፋ ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን ሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች፣ የሴት ተማሪዎች ክበብም ትመራለች። በስልክ «የጥንት የግሪክ ፈላስፎች ስለ ሴት ምን እንዳሉ መጥተው ይንገሩልኝ» አለችኝ። «እኔ ስነግራቸው ከራሷ አወጣችው ይሉኛል።» እሺ ለማለት ሁለት ጊዜ አላሰብኩም። የጥር ብርድ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ነበር፣ ቢሮዬም አስጠልቶኝ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ፣ ጤዛው በረዶ ሠርቶ ሣሩ ከእግሬ ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ መናኸሪያ ደረስኩ። «መንገዱ ሰላም ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። እኛ ዘንድ ዛሬ ዛሬ ይህ ጥያቄ ከሰላምታ ይቀድማል። ረዳቱ አባዱላው ጣሪያ ላይ ዕቃ እያሰረ «እስካሁን ሰላም ነው» አለኝ። ያቺን «እስካሁን» ይዤ ገባሁና እስክንነሳ ሦስት ጊዜ ወንበር ቀየርኩ። ከኋላ ስቀመጥ መንገዱ አይታየኝም፤ ከፊት ስቀመጥ ደግሞ ከሾፌሩ ጋር አብሬ ፍሬን እይዛለሁ። ከጎኔ ያለችው ነጋዴ «ኧረ እትዬ፣ መኪናው ሳይነሳ አንቺ ደረስሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ የመንገዱን ጠርዝ ውጦታል። የጣሊያኑን ዋሻ ስንገባ ወሬው ሁሉ ቆመ፤ ሾፌሩም ሙዚቃውን ቀነሰ። ዋሻውን ወጥተን ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። ከዚያ ወዲያ ጉዞው ልብስ ማውለቅ ነው። ጋቢው ደብረ ሲና ላይ ወለቀ፣ ሹራቡ አርማንያ ሳንደርስ። ደጋ ላይ የሚያስከብረኝ ልብስ ሁሉ ቆላ ላይ ሸክም ሆኖ ጭኔ ላይ ተከመረ፤ ከክምሩ ሥር ያለችው ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የጻፍኩት አሥራ ሁለት ገጽ ንግግር አለ። በየኪሎ ሜትሩ እጄን እየሰደድኩ መኖሩን አረጋግጣለሁ።

መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ሳልከድን መጥቼ፣ ልክ መውረጃዬ ሲቃረብ ሙቀቱ እንቅልፍ ጣለብኝ። ስነቃ ሸዋ ሮቢት ከኋላ ቀርታለች፣ አባዱላው ወደ ካራቆሬ ይገሰግሳል። «ወራጅ አለ!» ብዬ ስጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ። ከማሽላ ማሳ ዳር አወረዱኝና ሄዱ። ጥላ የለ፣ ሰው የለ፣ የስልኬ ኔትወርክም የለ። እያልጎመጎምኩ በእግሬ ወደ ኋላ ስመለስ ሐብሐብ የጫነ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ባለ ባጃጁ ሐብሐቦቹን ገፋ ገፋ አድርጎ አስቀመጠኝ። ስንደርስ ሒሳብ ስሰጠው «እንግዳ ጠፍታ ተገኝታ ሒሳብ ይባላል እንዴ!» ብሎ ጭራሽ አንድ ሐብሐብ አስታቀፈኝ። ሰዓዳ በያዘችልኝ ሆቴል በር ላይ የተቀበለችኝ እንዲያ ሆኜ ነው፤ በአንድ እጄ ጋቢ፣ በአንዱ ሐብሐብ። እኛ ቤት ማታ መስኮት የሚዘጋው ብርድ እንዳይገባ ነው፤ እዚህ ትንኝ እንዳይገባ ነው። ከማራገቢያው ጋር ስታገል አደርኩ።

ዓርብ ትምህርት ቤቱ ለጁምዓ ቀደም ብሎ ስለሚለቅ በጠዋት ጀመርን። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ልጃገረዶቹ ሦስት ሦስት ሆነው ዴስኩ ላይ ታጭቀዋል። ወረቀቴን ዘረጋሁና «ሁለት ሰዎች ይዤላችሁ መጣሁ፤ መምህርና ተማሪ ናቸው» አልኩ።

መምህሩ፣ አልኳቸው፣ ከተማን ለመጠበቅና ለማስተዳደር የተፈጠረች ሴት ከተገኘች እንደ ወንዱ ትማር፣ እንደ ወንዱ ትሠልጥን፣ ታስተዳድርም ይላል። መንጋ የምትጠብቅ ውሻ ቡችላ ስለወለደች ከጥበቃ ትቀራለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ወደዱት። ይሁንና እዚያው ላይ ወንድ በሁሉም ነገር ይበልጣታል ብሎ ይጨምራል ስላቸው ማጉረምረም ጀመሩ። ተማሪው ደግሞ መምህሩን ተቃወመ። ሴት ማሰብ ትችላለች፣ ይላል፤ ሐሳቧ ግን ሥልጣን የለውም፣ ስለዚህ ባሏ ያስተዳድራት። «ኡኡቴ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። በዚያ ዘመን አቴና ውስጥ ሴት ዳኛ ፊት የምትቀርበው በወንድ ሞግዚት በኩል እንደነበር ነገርኳቸው። ስለ አንዲት ጠቢብ ሴትም ነገርኳቸው። የመምህሩን መምህር ስለ ፍቅር ያስተማረችው እሷ ናት ይባላል፤ ትምህርቷ በተወራበት ግብዣ ላይ ግን አልነበረችም፣ ቃሏን የተናገረላት ወንድ ነው።

መጨረሻ ላይ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ያ ተማሪው ሐሳቧ ሥልጣን የለውም ያለው ሐሳቧ ስለማይረባ ነው? ወይስ ቢረባም ሰው ስለማይሰማት?»

«ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል» አልኳት።

«እርስዎስ?»

ሰዓቴን አየሁና ጊዜያችን አልቋል አልኩ። ጊዜያችን አላለቀም ነበር። ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር አንዲት ልጅ በአንድ ጥያቄ ባዶ ስታደርገው አፈርኩ፤ ሳፍር ደግሞ መሄድ ነው የሚቀናኝ። ሰዓዳ ግቢው ውስጥ እየሮጠች ደረሰችብኝ።

«ልጅቷ የጠየቀችው ነገር አሁን አክስቴ ቤት እየሆነ ነው» አለችኝ። «ይምጡና ይዩት።»

ከጁምዓ በኋላ በባጃጅ ወደ መንደራቸው ስንሄድ ነገሩን አስረዳችኝ። የአክስቷ የዘሀራ ባል፣ ጋሽ ሁሴን፣ የውሃ አባት ናቸው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ለባለ ማሳዎቹ ተራ በተራ የሚያከፋፍለውን ሰው እንዲህ ነው የሚሉት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቦይ ስለሚያጠጣ የሚመረጠው በሁሉም ነው። ጋሽ ሁሴን ግን ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ውሃውን የምታከፋፍለው ዘሀራ ናት። ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚናገረውም የለም። ባለ ማሳዎቹ እሑድ ተሰብስበው ሌላ ሰው ሊተኩ ነው።

«ከተኩ አክስቴ ወደ ጓዳ ትመለሳለች» አለች ሰዓዳ። «ውሃውን እንደሷ የሚያውቅ ደግሞ የለም። ወላሂ የለም።»

ዘሀራ የኔ እኩያ ናት፤ አጠር ያለች፣ አካፋ ከእጇ የማይለይ፣ ንግግሯ ቁጥብ። እጄን ይዛ አስገባችኝና ማሾ ወጥ በማሽላ እንጀራ አቀረበች። ዘይቱን እንጂ ቅቤውን አላስነካችውም። «ዓርብ መሆኑን አልረሳሁም» አለችኝ። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። በማግስቱም እንቁላልና ወተት ስታቀርብ ጋሽ ሁሴን «ሥጋችንን አትበይም፣ ሥጋሽን አንበላም፤ እንቁላል ግን ሃይማኖት የለውም፣ ብይ» ብለው አሳቁኝ። ደጋ ላይ እንግዳ የሚከበረው ብዙ በማቅረብ ነው፤ እዚህ ቤት ያከበሩኝ ምን እንደማልበላ በማወቅ ነው።

እዚያው ቤት አድሬ፣ ቅዳሜ ከሱብሂ ስግደት በኋላ በድምፅ ነቃሁና በመስኮት አየሁ። ጋሽ ሁሴን ደጃፍ ካለው መደብ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አራት አምስት ገበሬዎች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ «ጋሽ ሁሴን፣ ውሃው ዛሬ የማን ነው?» አለ።

ጋሽ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መልስ ግን አልሰጡም። ከበሩ ኋላ የቆመችው ዘሀራ ዝግ ባለ ድምፅ የሁለት ሰዎች ስም ጠራችና በስንት ጫማ ጥላ እንደሚለዋወጡ ተናገረች። ደጅ ያለው ሁሉ ሰምቷታል፤ እኔ ራሴ ከመኝታዬ ሰምቻታለሁ። ሆኖም አንድም ሰው እግሩን አላነሳም። ጋሽ ሁሴን ያንኑ ቃል፣ አንድም ሳይጨምሩ አንድም ሳያጎድሉ፣ ጮክ ብለው ደገሙት። ያኔ «እሺ፣ አላህ ይስጥልን» ብለው ተበተኑ። ትናንት ለልጆቹ ያወራሁላቸው ግብዣ ይኸው ደጃፍ ላይ ነበር።

ቦዩ ራስ ድረስ ተከትያት ሄድኩ። እዚያ የቆመ ዘንግ አለ። የዘንጉ ጥላ መሬት ላይ ሲያርፍ ርዝመቱን በጫማ ይቆጥሩታል፤ ጥላው ወደ ሰባት ጫማ ሲያጥር የአንዱ ተራ አልቆ የሌላው ይጀምራል። ዘሀራ በብብቷ ይዛው የመጣችውን አንድ ጥንድ ትልቅ ኮንጎ ጫማ አወጣችና፣ ጎንበስ ብላ አንዱን ከአንዱ ፊት እያስቀደመች ጥላውን ለካች። የጋሽ ሁሴን ጫማ ነው።

«በራስሽ እግር ለምን አትለኪም?» አልኳት።

«የኔ እግር ትንሽ ነው። በኔ እግር ብለካ የፊተኛው ይጠግባል፣ የኋለኛው ይጠማል። የተስማማነው በሱ እግር ነው።» ከዚያ ቦዩ ውስጥ ያለ ድንጋይ አሳየችኝ። «ጫማው ብቻውንም አይበቃ። ውሃው ከዚህ ድንጋይ ወገብ በታች ከወረደ ወንዙ ቀንሷል ማለት ነው። ያኔ በጥላ ብቻ ብትሄጂ የታችኛው ማሳ ባዶውን ያድራል። አይቼ እጨምርላቸዋለሁ።»

«ጋሽ ሁሴን ይህን ያውቃሉ?»

«እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ ይነግራቸዋል።»

እኛም ደብረ ብርሃን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ፈረቃውን ማን እንደሚያወጣው ግን አይቼ አላውቅም፤ ባልዲ ደርድሮ መጠበቅ ብቻ ነው። እዚህ ተራ ጠባቂው ሁሉ ደጃፍ መጥቶ ሊከራከር ይችላል፣ ይከራከራልም። ጥላው እስኪያጥር መጠበቁ ግን ከኔ አቅም በላይ ሆነ። ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ በቦዩ ጠርዝ እየተንጎራደድኩ፣ እሑድ ምን መባል እንዳለበት እያሰብኩ ሳለ ጭቃው ከዳኝና ከነቦርሳዬ ቦዩ ውስጥ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለቱ ገጽ ራሰ። ዘሀራ ሳትስቅ በክንዴ ጎትታ አወጣችኝ፤ የሳቀችው ቀሚሷን አውሳኝ ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቴ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለይታ የሽንኩርት መደቡ ላይ በጠጠር አሰጣችልኝ። ሁለቱ ፈላስፎች ከሰዓቱን በሙሉ እዚያ ሲደርቁ ዋሉ።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ሁሴን እነዚህ ግሪኮች ምን እንደሚሉ ንገሪኝ አሉኝ። የተማሪውን ነገር ነገርኳቸው።

«ሰውየው ሚስት ነበረችው?»

«ነበረችው።»

«እሷ ምን አለች?»

«የተጻፈ ነገር የለም፣ ጋሼ።»

«እንዲያ ነው» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እኔ የምፈራው ሌላ ነው» አሉኝ። «ነገ ሌላ ሲመርጡ በዚህ ደጃፍ ማን ያልፋል? ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ሰው ነኝ የምለው ጠዋት ጠዋት ሲጠይቁኝ ነው።» ለሷ ስቆረቆር ለእሳቸው የሚተርፈው ምን እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

እሑድ ክርስቲያኖቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ሙስሊሞቹ የዝሁር ስግደት ሳይደርስባቸው፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አቶ ደምሴ ናቸው፤ ማሳቸው ከሁሉም በታች፣ ከቦዩ መጨረሻ ያለ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ሴቶቹ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። እኔን ግን እንግዳና መምህር ነሽ ብለው ከወንዶቹ ጋር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፤ እንግድነቴ ሴትነቴን ሸፈነልኝ።

መጀመሪያ የተናገረው እንድሪስ ነው። ማሳው ከላይ፣ ከቦዩ አፍ አጠገብ ነው፤ ሊተኩት ያሰቡትም እሱን ነው። «እትዬ ዘሀራ ውሃ ታውቃለች፤ ይህን የሚክድ የለም» አለ። «ግን ዝጋ ብትለኝ፣ እኔም እምቢ ብል፣ ምን ታደርገኛለች? ጋሽ ሁሴን ሲሉኝ አፍራለሁ። እሷ ስትለኝ ማን ያፍራል?»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ደግሞ ቁጭ ብሎ መስማት አልሆነልኝም። ሳልጠየቅ ተነሳሁ። የደረቁትን ወረቀቶች ይዤ ስለ መምህሩ ጀመርኩ፣ ስለ ከተማ ጠባቂዎች ቀጠልኩ፣ ሞቅ ሲለኝም «መንጋ የምትጠብቅ ውሻ እኮ» አልኩ። «ውሻ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ ጉባኤው አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ፣ እትዬ ዘሀራን ከውሻ ጋር!» አለ። ላስተካክል ብዬ ባሰብኝ። ዘሀራ የምታስበውን፣ ዘሀራ የሚሰማትን፣ ዘሀራ የምትፈልገውን እዘረዝር ጀመር።

«እህቴ» አለ ድምፅ ከኋላዬ። ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። «እኔ እዚሁ ቆሜ ስለኔ አትናገሪ። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ።

አቶ ደምሴ ሰላም ወዳድ ናቸው፤ ነገሩን ለማብረድ መላ አመጡ። «ለምን እንጣላለን? ስሙ የጋሽ ሁሴን ይቀጥል፣ ሥራው እንደ ዱሮው ይሁን። ሁላችንም እንተዋወቃለን።» ሁሉም ደስ አለው። ጋሽ ሁሴንም ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ስንነሳ ዘሀራ ሰዎቹን አልፋ መሐል ገባች። ኮንጎ ጫማውን ከብብቷ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ስሙ የሱ ከሆነ ሥራውም የሱ ይሁን» አለች። «ሦስት ዓመት ከበር ኋላ ተናገርኩ። ከዛሬ ወዲያ ከበር ኋላ አልናገርም።» ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች። ባሏን ዞራ አላየችም። ሰዓዳ ተከተለቻት።

ጫማውን እንድሪስ አነሳው። ከሰዓት በኋላ ቦዩ ላይ ሄጄ አየሁት፤ ሰውየውን ላማው አልችልም፣ በጥንቃቄ ነው የለካው። የጥላው ቁጥር ትክክል ነበር። ውሃው ግን ከድንጋዩ ወገብ በታች ወርዷል፣ እሱ ደግሞ ድንጋዩን አላየም። የመጨረሻው ተራ የአቶ ደምሴ ነበር። ጸሐይ ስትጠልቅ ከሽንኩርታቸው እኩሌታው ሳይነካ ውሃው አለቀ። ሁለቱ ሰዎች ከቦዩ ወዲህና ወዲያ ሆነው ሲጯጯሁ ድምፃቸው እስከ ቤት ተሰማ። ጋሽ ሁሴን መደባቸው ላይ ሆነው አዳመጡ። ዘሀራ ሰምታ እንዳልሰማች የሽንኩርት ችግኝ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«አልተቀየምኩሽም» አለችኝ። «ግን ሁሴን ሲደግመኝ ሦስት ዓመት ሰማሁ። ዛሬ አንቺ ስትደግሚኝ ሆድ ባሰኝ። ሴት ሆነሽም ያው ነው።»

ያን ቃል ይዤ ተኛሁ ማለት አልችልም፤ ስገላበጥ ነጋ። መምህሬ ብለው ከሚጠሩኝ ልጆች ፊት ስንት ጊዜ የሌላ ሴት አፍ ሆኜ እንደቆምኩ ቆጠርኩ። ስንቷን «ምን ትያለሽ?» ብዬ እንደጠየቅኩ ልቆጥር ብሞክር ጥቂት ሆኑብኝ።

ሰኞ ማለዳ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ደጃፍ ቆሜ ባጃጁን እጠብቃለሁ። ሰዓዳ ለትምህርት ቤቱ እንዳትዘገይ አብራኝ ልትመለስ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በስልክ ጠይቃ «እስካሁን ሰላም ነው» አለችኝ። መሄድ አማረኝ፣ ደግሞም እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ከሱብሂ በኋላ እንድሪስ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣና ኮንጎውን ከመደቡ ሥር አስቀመጠ። ሰኞ ሁልጊዜ የእሱ ቀን ነው፤ ችግኝ ተክሏል፣ ዛሬ ካላጠጣ ይጠወልግበታል። ብዙም ሳይቆይ አቶ ደምሴ ከታች በኩል ደረሱ። የትናንቱ ተራቸው ባዶ ስለቀረ የዛሬው ጠዋት ለእሳቸው ሊካካስ ይገባል። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው ከበው ቆሙ።

«ጋሽ ሁሴን፣ ውሃው ዛሬ የማን ነው?» አለ እንድሪስ።

ዘሀራ ከበሩ ኋላ አልነበረችም። ደጅ፣ ሁሉም በሚያያት ቦታ፣ ጎንበስ ብላ ችግኝ ታስራለች። ከቤት ውስጥ ምንም ድምፅ አልመጣም። ጋሽ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔ አላየሁም» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አላየሁም። ያየችው እሷ ናት። እሷን ጠይቁ።»

ይህን ለማለት ምን እንደከፈሉ ከኔ በቀር ያወቀ አልመሰለኝም። እንድሪስ አቶ ደምሴን አየ፣ አቶ ደምሴ መሬቱን አዩ። ከዚያ እንድሪስ ወደኔ ዞረ፤ መምህሯ የሆነ ነገር ትላለች ብሎ ይሆናል። ምላሴ ላይ የደረሰ ብዙ ነገር ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ዋጥኩት። ባጃጁ መጥቶ ጡሩንባ ነፋ፤ ሰዓዳ በእጇ ጠብቀን አለችው።

እንድሪስ አካፋውን ከትከሻው አወረደ።

«እትዬ ዘሀራ» አለ፤ «ውሃው ዛሬ የማን ነው?»

ዘሀራ ችግኙን አስቀምጣ ቀና አለች። ጭቃውን ከእጇ አራገፈች። ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ያንተ አይደለም» አለችው። «ጥላው አምስት ጫማ እስኪሆን የአቶ ደምሴ ነው። ከዚያ በኋላ ያንተ ይሆናል።»

የእንድሪስ ማሳ ከቦዩ አፍ አጠገብ ነው። ሄዶ ቢከፍተው የሚይዘው ሰው የለም፤ ትናንት በሁሉም ፊት እንዳለው ምንም አታደርገውም። ወደ ማሳው ተመለከተ። ከዚያ «እሺ» አለና አካፋውን አንስቶ የራሱን ቦይ ሊዘጋ ሄደ።